አሥራ አንድ ማኅተም

የዕቃ ቤቱ በር ተከፍቷል፤ ቁልፉ ግን አልተሰበረም። አራቱ የፀሐይ ሰሌዳዎች የነበሩባቸው የእንጨት ሣጥኖች ክዳናቸው ተነሥቶ ባዷቸውን ተደርድረዋል። ገለባው አልተበተነም። ምስማሮቹ እንኳ አንድ በአንድ ተነቅለው በጣሳ ተጠራቅመዋል። በአሥራ ስምንት ዓመት የፖሊስ ኑሮዬ ምስማር ለቅሞ የሚሄድ ሌባ ስላላጋጠመኝ፣ ይህስ ከጨዋ ቤተሰብ የወጣ ሌባ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

የሳቅሁት በሆዴ ብቻ ነው። ጓድ ወልደተንሣኤ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ እሱ ባለበት በአፍ አይሳቅም። ሰውየው የፀሐይ ኃይል ፈቃድ አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ዕለቱ ረቡዕ የካቲት 5 ቀን 1978፣ ቦታው ጎረቤላ። እሱ በማለዳ ከደብረ ብርሃን ስብሰባ ሲመለስ በሩን ክፍት ሆኖ አገኘው። እኛ ደግሞ ከአልዩ አምባ ዳገቱን በእግር ወጥተን፣ ላብ በላብ ሆነን ገና መድረሳችን ነበር።

እኛ ስል መቶ አለቃ ወልደአረጋይንና ራሴን ነው። እሳቸው መርማሪ፣ እኔ ሃምሳ አለቃ ገብረአማኑኤል ቃል ጸሐፊያቸው። ሁለታችንም የደብረ ብርሃን ፖሊሶች ስንሆን፣ ከሁለት ቀን በፊት ላንድሮቨራችንን ጎረቤላ አቁመን ወደ ቆላው የወረድነው ተሰረቀች ለተባለች በቅሎ ነበር። በቅሎዋ በገዛ እግሯ ወደ ድሮ ጌታዋ ቤት ተመልሳ ገብስ ስትበላ አገኘናት።

ጓድ ወልደተንሣኤ አንድ ሰዓት ሙሉ ፖሊስ ሲጠብቅ እንደ ነበር በቁጣ ነገረን።

"መንገድ ላይ ቃሬዛ ገጠመን፤ ጥቂት ሸኘን" አሉ መቶ አለቃ።

በእኛ አገር ቃሬዛ የገጠመው ሰው ሹምም ቢሆን ይቆማል። እኛም እንደ ወጉ አደረግን። ከአፋፉ ሥር አራት ሰዎች በነጭ ጋቢ የተሸፈነ ሬሳ ተሸክመው ሲወርዱ አገኘናቸው፤ ከኋላቸው አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትከተላለች። ከጤና ጣቢያ እንደሚመለሱ፣ የወይራ ውኃ እስላሞች እንደ ሆኑ፣ ሕመምተኛው ሳይድንላቸው እንደ ቀረ ነገሩን። መቶ አለቃና እኔ የፊተኞቹን ሁለቱን ተክተን እስከ ጅረቱ ድረስ መልሰን ወረድን። እኔ ድንጋይ አደናቅፎኝ ስንገዳገድ ከኋላዬ ያለው ሰው "ቀስ፣ ጌታዬ፣ ቀስ" አለኝ። ከዚያ ተሰነባብተን ዳገታችንን ጀመርን። ስለዚህ ነገር ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ሌባው አስቀድሞ ታውቋል አለ ጓድ ወልደተንሣኤ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በኪሱ ውስጥ ደብረ ብርሃን ሲሰነብት፣ ሁለተኛው በኮሚቴው ጸሐፊ ወገብ ላይ ነበር። ጸሐፊዋ ይመኙሻል ትባላለች። እሷም እኛ ሳንደርስ ታስራ ጠበቀችን።

ይመኙሻል ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ከእመት ወለተሐና ጋር ትኖራለች። ኮሚቴው አምስት አባላት ሲኖሩት የሚሰበሰቡት አራቱ፣ የምትሠራው እሷ ነበረች። ታሪኩን መቶ አለቃ ቀስ ብለው ከአፏ አወጡ። አንድ የውጭ አገር ረድኤት ድርጅት ከአልዩ አምባ የአንድ ሰዓት መንገድ ለሚርቀው ለወይራ ውኃ ክሊኒክ የክትባት ማቀዝቀዣ ሰጠ። ማቀዝቀዣው በፀሐይ ነው የሚሠራው፣ ክትባቱ እንዳይበላሽ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ይጠብቃል፤ ብርሃኑን ተቀብለው ኃይል የሚሰጡት እነዚያ አራት ሰሌዳዎች ናቸው። ማቀዝቀዣውና ባትሪው በሰው ሸክም ቆላ ወርደው ከዓመት በላይ ሆናቸው። ሰሌዳዎቹ ግን ፈቃድ ይጠብቁ ተብለው ጎረቤላ ቀሩ። ፀሐይዋ የሰፊው ሕዝብ ናት፤ ያለ ፈቃድ አትነካም። ለጣራው አንድ ማኅተም፣ ጥላ ለሚጥለው ዛፍ አንድ ማኅተም፣ ከሰማይ ሲታይ ያብለጨልጭ እንደሆነ ለሚመረምረው አንድ ማኅተም እየተባለ ዐሥራ አንድ ደረሰ። ይመኙሻል ያንን ፋይል ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በእግር፣ በበቅሎና በጭነት መኪና ላይ አሥራ አራት ወር ተንከራተተች። የወይራ ውኃ ሰዎች ማቀዝቀዣቸውን "ላም አለኝ በሰማይ" ብለው ስም አወጡለት።

ዐሥራ አንደኛውን ማኅተም ጓድ ወልደተንሣኤ ጥር 21 ቀን መታው። በዐሥረኛው ቀን ግን ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፦ ሰሌዳዎቹ ለጎረቤላ አዳራሽ ቴሌቪዥን ይዋሉ፤ እሑድ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። እሷ ከሥሩ "ፈቃዱ የወጣው ለወይራ ውኃ ነው" ብላ አንድ መስመር ጽፋ መለሰችለት። ያቺ መስመር አሁን የክስ ማስረጃ ሆና መቶ አለቃ እጅ ላይ ነበረች።

ፋይሉን አገላብጠው ዋናው የፈቃድ ወረቀት እንደሌለበት አዩና የት እንዳለ ጠየቋት።

"ፈቃዱ በደንቡ መሠረት መኖር ያለበት ቦታ ነው" አለች።

"ሌላ ቁልፍስ አለ?"

"ጽሕፈት ቤቱ የተረከበው ሁለት ነው።"

ማክሰኞ ማታ የት እንዳደረች ሲጠይቋት ቤቷ ከእናቷ ጋር ነው አለች። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። እንደ ጥፋተኛም፣ እንደ ንጹሕም አልነበረም ዝምታዋ፤ ምጣድ ላይ ያለ ነገር እንዳይነካባት የምትጠብቅ ሴት ትመስል ነበር።

ስንወጣ ጓድ ወልደተንሣኤ በረንዳው ላይ ቆሞ ቁርጡን ነገረን። ሰሌዳዎቹ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካልተገኙ ጸሐፊዋ በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሳ ወደ አዲስ አበባ ትላካለች። በዚያ ክስ የሄደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ብዙዎቹ አልተመለሱም። እመት ወለተሐና የልጃቸውን ስንቅ በእጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው ይህን ሰሙ፤ አልጮኹም፤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ እንጂ። እኔ ወደዚያ ማየት አቅቶኝ ወረቀቴን አስተካከልሁ።

ያን ቀንና በማግስቱ ሐሙስን የሰባት ሰው ቃል ጻፍሁ። የዕቃ ቤቱ ዘበኛ ማክሰኞ ማታ ተቀምጦ አደረ፤ ዕቃ የያዘ ሰው ሲገባም ሲወጣም አላየም። የኬላው ጠባቂ ዕቃ የያዘ ሰው አላየም። ከመንገዱ ዳር የሚኖሩት አራት ሰዎችም እንዲሁ። እያንዳንዱ ቃል "ምንም" በሚለው ያልቃል። መቶ አለቃ ቴሌፎኑን አስዞረው ደብረ ብርሃን ደወሉ፤ ጓድ ወልደተንሣኤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ንጋት ከስብሰባው እልፍ አላለም ተባሉ። እውነት ለመናገር እኔ እሱ ሌባ እንዲሆንልኝ ተመኝቼ ነበር።

ሰባተኛው ቃል ብቻ ትንሽ ጭላንጭል ሰጠን። አንዲት ጠላ ሻጭ፣ የአልዩ አምባው ነጋዴ የአቶ ዘይኑልአቢዲን በቅሎዎች ማክሰኞ ማታ በሸራ የተሸፈነ ረጅም ነገር ጭነው ቁልቁል ሲወርዱ አይታለች። እኔ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። መቶ አለቃ ግን ጢማቸውን መፍተል ጀመሩ።

"ምን ያሳስብዎታል?" አልኋቸው።

"ምስማሩ" አሉ። "ነጋዴ ሣጥኑንም ይዞ ይሄዳል። የጣውላ ዋጋ ያውቃላ።"

ዓርብ በሌሊት ተነሥተን ወረድን። ዳገቱን በወጣሁ በሁለተኛው ቀን መልሼ መውረዴ ለጉልበቴ አልተመቸውም፤ እሱም አልደበቀኝም። አልዩ አምባ ስንደርስ ሰዉ ከጁምዓ ሶላት እየወጣ ነበር። አቶ ዘይኑልአቢዲን ሱቃቸው ውስጥ፣ በሰማያዊና በነጭ ጣቃ መካከል ተቀምጠው ሲያዩን ፊታቸው አመድ መሰለ። ማክሰኞ ማታ ምን እንደጫኑ ስንጠይቃቸው መጀመሪያ ካዱ፤ ቀጥሎ የመስጊድ ማገር ነው አሉ፤ በመጨረሻ ወደ ጓዳ ወስደው አሳዩን። ማገር ነበር። ከማገሩ ሥር ግን የይለፍ ወረቀት የሌለው ስድስት ኩንታል ጤፍ ተደርድሯል። በዚያ ዘመን እህልም ያለ ወረቀት ከወረዳ ወረዳ አይሻገርም።

"ወላሂ፣ ጌታዬ፣ ለሆድ ነው እንጂ ለትርፍ አይደለም" አሉ።

መቶ አለቃ ጤፉን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። "እኔ የምፈልገው መስታወት ነው፤ ጤፍ አልጠፋብኝም" ብለው ወጡ። በአንድ ጊዜ አመስጋኝም ደንጋጭም የሆነ ሰው አይቼ የማውቀው ያን ቀን ነው።

ይህ ፍንጭ እንዲህ ተቋጨ። አንድ ቀንም አልቀረንም። መቶ አለቃ ደጃፉ ላይ ቆመው ዝናራቸውን እያጠባበቁ ሳለ ከምርመራው ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር አነሡ።

"አቶ ዘይኑልአቢዲን፣ እዚህ ድረስ ከወረድን አይቀር ለቅሶ እንድረስ። ረቡዕ ጠዋት የሸኘነው የወይራ ውኃ ሰው ለቅሶ ቤቱ የማን ነው?"

ነጋዴው አላወቁም።

"ሬሳ ነው እኮ የምልዎ። አራት ሰው ተሸክሞት ሲወርድ በትከሻዬ ተቀብያለሁ።"

አቶ ዘይኑልአቢዲን ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጌታዬ፣ ከዚህ እስከ ወይራ ውኃ ከፈን የሚሸጥ ከእኔ ሌላ የለም። አንድ ሰው ሲሞት፣ ከዘመዱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። በዚህ ሳምንት አንድ ክንድ አቡጀዲ አልሸጥሁም። ጀናዛ አልወጣም።"

መቶ አለቃ እጃቸው ዝናራቸው ላይ እንዳለ ቆመው ቀሩ። እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር።

"ገብረአማኑኤል፣ ያ ሬሳ ቁመቱ ምን ያህል ነበር?" አሉኝ።

"የትልቅ ሰው ነው።"

"ክብደቱስ?"

"የልጅ ያህል ነው፤ አልከበደኝም።"

"የእስላም ሬሳ ተሸክሞ ደግሞ የሚያዘግም አይተህ ታውቃለህ? ለቀብር ይጣደፋሉ እንጂ። አንተ ስትደናቀፍ ሰውየው ምን አለህ?"

"ቀስ አለኝ" ስል ያን ጊዜ ገባኝ። ዘበኛው ዕቃ የያዘ ሰው አላየም። የኬላው ጠባቂ ዕቃ የያዘ ሰው አላየም። ሁሉም እውነታቸውን ነው፤ ቃሬዛን ዕቃ ብሎ የሚጠራ፣ ጋቢውንም ገልጦ የሚያይ ሰው በዚህ አገር አልተወለደም። የባሰው ግን ይህ አይደለም። የተሰረቀውን ሰሌዳ እስከ ጅረቱ ድረስ የተሸከምነው የሕዝብ ፖሊስ ሁለት ባልደረቦች ነን።

ወዲያው ወደ ወይራ ውኃ ገሠገሥን። የክሊኒኩ ቆርቆሮ ጣራ ከሩቅ ታየን። በላዩ አራት ጥቁር ሰማያዊ ሰሌዳዎች፣ ወደ ደቡብ ዘንበል ብለው የቆላውን ፀሐይ ይጠጣሉ። ከደጁ ሥር ሃያ የሚሆኑ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በጥላው ተደርድረዋል። ከነሱ መካከል ያቺ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ያየናት ሴት አለች። ዛሬ ነጠላዋ ቀጥ ብሏል፤ እቅፏ ውስጥ የስድስት ወር የሚሆን ልጅ ተኝቷል። ስታየን አንገቷን ደፋች። ስሟ ኩብራ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት።

መቶ አለቃ አጠገቧ ቁጭ አሉ። "ለቅሶ ልንደርስሽ ነበር፣ እኅቴ። ማንን ቀበርሽ?"

"ማንንም፣ አልሐምዱሊላህ" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "አምና በኩፍኝ ሁለት ቀብሬአለሁ። ረቡዕ ያለቀስሁት ለነሱ ነው፤ ውሸት አልነበረም። ይሄኛውን እንዳልቀብር ብዬ ነው።"

መቶ አለቃ ከዚያ ወዲያ አልጠየቋትም። እኔም ብዕሬን አውጥቼ ነበር፤ መለስኩት። ልቤ ተነክቶ ነበር፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

የጤና ረዳቱ ያሕያ ሊቀበለን ወጣ። ቀጠን ያለ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ሰው ነው። ገና ሳንጠይቀው እጆቹን ዘረጋ።

"እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ" አለ። "ክትባቱን ጨርሼ ልሂድ፤ ዛሬ ጠዋት ነው በበረዶ ሣጥን የገባው። ሌላ ልመና የለኝም።"

"ቃሬዛ ብቻውን የተሸከመ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉ መቶ አለቃ። "ይሁን። በሩን በምን ከፈትኸው?"

"ሰበርሁት።"

"አልተሰበረም፣ ወንድሜ።"

ከያሕያ ኋላ፣ የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ፣ እርጥበት እንዳይነካው በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት በአራት ምስማር ተሰቅሏል። ዐሥራ አንድ ማኅተም አለው። የፈቃዱ ወረቀት በደንቡ መሠረት መኖር ያለበት ቦታ ነበር። ይመኙሻል ለመርማሪ አንድም ቃል አልዋሸችም።

መቶ አለቃ ጥቃቅን ፊደል በደንብ አያዩም፤ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቁጥሮች እንደማንኛውም የመንግሥት ወረቀት አሰልቺ ነበሩ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ራሱ ቀጥ አለ።

"ቁጥር ዘጠኝ። ዕቃው ፈቃዱ በተሰጠ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ በተፈቀደለት ቦታ ካልተተከለ፣ በሌላ ቦታ ይዞ ያስቀረው ሰው እንደ ሰረቀው ይቆጠራል።"

"ድገመው" አሉኝ። ደገምሁት። በጣቶቻቸው ቆጠሩ። ከጥር 21 ዐሥራ አምስተኛው ቀን ሐሙስ የካቲት 6 ይሆናል። ሰሌዳው ጣራ ላይ የወጣው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው።

"ይህን ቁጥር ማን አስገባው?" ብለው ያሕያን ጠየቁት።

ይመኙሻል ናት አለ። ለመንገድ የተላከ ሲሚንቶ፣ ለትምህርት ቤት የተላከ ቆርቆሮ የሹም ቤት ሲሆን አይታ ስለምታውቅ፣ ገና በመጀመሪያው ወር ጽፋው ነበር። ዐሥራ አንዱ ሹማምንት ግን ማኅተም እንጂ ንባብ አልለመዱም፤ ዐሥራ አንደኛውም ጭምር።

ማታ ጎረቤላ ተመልሰን በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባን። ዕቃ ቤቱ ዱሮ የቤተ ክርስቲያኑ ጎተራ ነበር፤ በመሬት አዋጁ ጊዜ ለመንግሥት ተላለፈ። ይህን ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው፣ ስንመለስ አቶ ዘይኑልአቢዲን በጨዋታ መሀል እስኪያነሡት ድረስ ማንም አልነገረንም። ቄሰ ገበዝ ኪዳነ ማርያም ሰማንያ የሞላቸው፣ ጉብጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። መስቀል አሳለሙን። መቶ አለቃ "አባታችን፣ ለሸኘነው ሬሳ ቃሬዛውን ያዋሱት እርስዎ ኖረዋል" ሲሏቸው አልካዱም። ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አንድ ስንዝር የሚያህል የብረት ቁልፍ አወጡ።

"በስድሳ ሰባት ሊረከቡኝ ሲመጡ 'ሁለት ቁልፍ' ብለው ጽፈው መጡ። ሁለት ሰጠኋቸው። ሦስተኛውን የጠየቀኝ የለም" አሉ።

"ርክክቡን የጻፈው ማን ነበር?"

"ያቺ ልጅ ናት፤ ያኔ ገና መቀጠሯ ነበር። ሦስተኛውን እጄ ላይ አይታዋለች። እስከ ዛሬ ለማንም አላነሣችብኝም።"

ዘበኛው እንዳይጠራጠር እሳቸው ራሳቸው በንጋት መጥተው "ልጄ፣ ሬሳ ሊያሳርፉ ነው፤ ፊትህን መልስ" እንዳሉትም ነገሩን። ውሸቱ ኃጢአት መሆኑን ያውቃሉ፤ ንስሐውን ጀምረዋል። ነገር ግን ያቺ ልጅ በእሳቸው ፈንታ መታሰሯ እንቅልፍ ነስቷቸው፣ በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት እጃቸውን ሊሰጡ ወስነው ነበር።

"ለምን አደረጉት፣ አባታችን?" አልሁ እኔ። ቃል ጸሐፊ መጠየቅ አይገባውም።

"ወረርሽኙ አምና ከቆላ ተነሥቶ ወደ እኛ ወጣ። ኩፍኝ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አይለይም። በአንድ ክረምት ለዐሥራ ሰባት ሕፃናት ፍትሐት ፈታሁ።" እጃቸውን አዩት። "ሰለቸኝ፣ ልጄ። የሕፃን ሣጥን ቀላል ነው። መቅለሉ ሰለቸኝ።"

መቶ አለቃ ቁልፉን ተቀብለው አዩትና መልሰው ሰጧቸው። "የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ነው፤ እኔ አልተረከብሁትም" አሉ። ወደ እኔ ዞረው ወረቀት አውጣ አሉኝ። ሪፖርቱን በኩራዝ ብርሃን፣ ቃል በቃል አጻፉኝ። ሰሌዳዎቹ በፈቃዱ ቁጥር ዘጠኝ መሠረት ጊዜው ሳያልፍ በተፈቀደላቸው ቦታ ተተክለው መገኘታቸውን ጻፍሁ። ዕቃ ቤቱ በገዛ ቁልፉ መከፈቱንም ጻፍሁ። "ዕቃውን ያጓጓዙ ሰዎች ስም" ከሚለው መስመር ስደርስ ብዕሬን አንሥቼ አየኋቸው።

"መቶ አለቃ ወልደአረጋይ" አሉ።

"ጌታዬ?"

"ተሸክሜአለሁ፣ አልተሸከምሁም?"

ተሸክመዋል። ጻፍሁት። ከዚያ እንዲያዙኝ አልጠበቅሁም፤ ከሥሩ "ሃምሳ አለቃ ገብረአማኑኤል" ብዬ በራሴ እጅ ጨመርሁ። ጽሑፉ ዛሬም መዝገብ ቤት ካለ ስሞቻችን ይታያሉ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሪፖርቱንና የፈቃዱን ግልባጭ ጓድ ወልደተንሣኤ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። ቁጥር ዘጠኝን ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከሥሩ የራሱ ፊርማ አለ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ማን እንዳዘዘን ጠየቀ። መቶ አለቃ በጣታቸው ፊርማውን አሳዩት።

"ሰሌዳው ከሐሙስ አንድ ቀን ቢያልፍ ኖሮ፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ የመጣሁት እርስዎን ልይዝ ይሆን ነበር" አሉ። "ስለ ቁልፉም ልቀጥል ቢሉኝ እቀጥላለሁ። በመዝገቡ ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የርስዎ ነው። እሑድ የሚመጡት እንግዶችም ቢጠይቁ ሙሉውን አስረዳቸዋለሁ።"

ጓድ ወልደተንሣኤ የመፍቻ ወረቀቱን አስመጣና ፈረመ፤ ማኅተሙንም ራሱ መታው። እሑድ እንግዶቹን ይዞ ወይራ ውኃ ወርዶ፣ ስለ ፀሐይ ኃይል ረጅም ንግግር እንዳደረገ ሰማሁ። ውለታውን ግን አልረሳልንም። በሦስተኛው ወር መቶ አለቃ ወልደአረጋይ ወደ ሩቅ በረሃ ተዛወሩ፤ የእኔም እድገት ለአራት ዓመት ተረሳ። አንድም ቀን አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆጭቶኛል።

ያን ቅዳሜ የእስር ቤቱን በር ስንከፍት ይመኙሻል ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሊወስዷት የመጡ መስሏት ነጠላዋን ለመንገድ አጥብቃ ታጥቃለች። መቶ አለቃ ወረቀቱን ሰጧት። አነበበችው፤ እሷ ማንበብ ትችላለች። ነፃ መሆኗን፣ እናቷ ደጅ ላይ እንደሚጠብቋት፣ ሌላ ሰው እንዳልታሰረ ነገሯት። ራሷን ነቀነቀች። የሚገርመው እፎይ አላለችም፤ አንድ ነገር ገና እንዳልተነገራት ሰው ፊት ለፊታችን ቆማ ቀረች።

"ስንት ዲግሪ ላይ ነው?" አለች።

መቶ አለቃ አልገባቸውም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ክሊኒኩ ውስጥ ከማቀዝቀዣው በር ላይ የተንጠለጠለውን መለኪያ በልማዴ ጽፌው ነበር። ደብተሬን ገለጥሁ።

"አራት" አልኋት።

ይመኙሻል ያን ጊዜ አለቀሰች።